ፈረቃ በሚለዋወጥበት ቤት ጸሎትን፣ ጾምንና ቁርባንን ማጽናት

ኮምቦልቻ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ክርስቲያን ቀድሞ የሚያጣው ጾሙን ወይም ቅዳሴውን አይደለም፤ ሰዓቱን ነው። በዚህ ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓት ይገባል፣ በሚቀጥለው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በሦስተኛው ማታ 4 ሰዓት። ሰዓቱ ሲናጋ የጠዋቱ ጸሎት ይቀራል። ጸሎቱ ሲቀር ጾሙ ከቅቤ ወደ ዘይት መዞር ብቻ ይሆናል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የምትታሰበው ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለመስከረም 21 የግሸን ጉዞ ይሆናል። ደሴ ላይ ሱቅ ከፍቶ ለሚውለውም፣ ሰኞ ገበያ ለሚነግደውም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ሃይማኖቱን የኑሮው ምሰሶ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት ይጀምር እላለሁ።

ሰዓቱን ቤተ ክርስቲያን ሠርታ አስቀምጣዋለች። «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» በሚለው የዳዊት ቃል (መዝሙር 118፥164) መሠረት የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፦ ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት፣ ንዋም በመኝታ ጊዜ፣ መንፈቀ ሌሊት ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፤ በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ፤ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ፤ በ11 ሰዓት ወደ መቃብር ወረደ። ይህን በቃል መያዝ ያስፈልጋል፤ ሥራ ላይ ቆሞ መጽሐፍ መግለጥ ለማይችል ሰው ሰዓቱን ማወቁ ራሱ የጸሎት መነሻ ይሆንለታልና።

ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ብሎ መነሣት ግን አብዛኛውን ጀማሪ የሚጥለው ስህተት ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ሰባቱን ይጀምራል፣ ሐሙስ ላይ ሦስት ይቀራሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል። በሦስት ይጀመር፤ ሦስቱም ከግድግዳ ሰዓት ጋር ሳይሆን ከማይቀር ድርጊት ጋር ይታሰሩ፦ ከእንቅልፍ መነሣት፣ ምግብ መቅረብ፣ መተኛት። ፈረቃ የሰዓቱን ቁጥር ይለውጣል፤ መነሣትና መተኛትን ግን አያስቀርም። የጠዋት ፈረቃ ያለው ሰው 11 ሰዓት ሲነሣ ነግህን ያደርሳል። የሌሊት ፈረቃ ያለው ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ነግህንና ንዋምን በአንድ ላይ አድርሶ ይተኛል፤ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ሲነሣ ተሰዓትን ያገኛል። የከሰዓት ፈረቃ ያለው ደግሞ ነግህና ቀትር በቤቱ ያገኙታል፤ ሠርክ በሥራ ላይ ያልፍበታል። መንፈቀ ሌሊት ቤተሰቡ ተኝቶ ብዙዎቻችን የማንደርስበት ሰዓት ነው፤ የሌሊት ተረኛ ግን ቆሞ ያገኘዋል። ይህን በረከት አድርጎ የሚቀበለው ሰው ሲገኝ ደስ ይለኛል።

ምን ይጸለይ ለሚለው፣ ለሚሠራ ሰው የሚበቃ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በስመ አብ ብሎ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ሳይጣደፉ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የዛሬው የቱ ነው ብሎ መፈለግ የለም። ቀኑ ሲከብድና እንቅልፍ ሲያሸንፍ አቡነ ዘበሰማያትና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ ብቻ ይደረግ፤ ግን ቆሞ ይደረግ። ተኝቶ በአልጋ ላይ የሚጀመር ጸሎት ከሁለተኛው መስመር አያልፍም።

ቆጠራው በጣት ይሁን። የአራት ጣት አንጓ 12 ነው፤ አውራ ጣት ይቆጥራል። 41 ለማለት ሦስት ዙርና አምስት አንጓ ነው። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። መቁጠሪያን አንጓ ላይ ጠምጥሞ ወደ ሚሽከረከር ማሽን መግባት አደጋ ነው፤ መፍተያም ሆነ ሽመና ላይ ክርና ሰው አይለይም። ማዕተብም ከሸሚዝ ውጭ የሚንጠለጠል ከሆነ ያጥር ወይም ከውስጥ ይግባ፤ ማዕተብን ላለማሳየት ሳይሆን አንገትን ለማትረፍ ነው። ሥራ ላይ የሚደረግ ጸሎት ዓይን ተከፍቶ፣ እጅ በቦታው ሆኖ በልብ የሚደረግ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ሐረጎን ሲወርድ መጽሐፍ ባይገልጥ ይሻለዋል፤ ጠመዝማዛው ላይ ማንበብ ያጥወለውላል። መንገዱን በቃል ለያዘው መስጠት ነው፤ ውዳሴ ማርያምን በሳምንት አንድ አንቀጽ እየያዙ በዚያ መንገድ ማጥናት ይቻላል።

ዳዊትን የሚወድ ሰው በመጽሐፉ ላይ የተሰመረውን የሳምንት ድርሻ ያያል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ በ150 ያልቃል። ስምንት ሰዓት ሠርቶ ለሚገባ ሰው ይህ ብዙ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን የቀለለ መንገድ አለ። ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ መዝሙሩ 150 ነው፤ በቀን አምስት ማለት ነው። የቀኑን ቁጥር በ5 ማባዛት የዕለቱን የመጨረሻ መዝሙር ይሰጣል። በ12 ቅዱስ ሚካኤል ዕለት ከ56 እስከ 60፣ በ21 ማርያም ዕለት ከ101 እስከ 105 ይደርሳል። በ24 ቀን 118ኛው ስላለበት ይረዝማል፤ ብቻውን 176 ቁጥር ነው። ያን ዕለት ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ ማድረግ፣ ወይም ቀድሞ 118ኛውን ለእረፍት ቀን ማዋል ይቻላል። ጳጉሜን ለጸሎተ ነቢያት ይሁን።

የጸሎት ቦታ ነገር። ተከራይቶ በአንድ ክፍል የሚኖር ሰው ሰፊ ቦታ አያስፈልገውም፤ አንድ ክንድ የሚያህል መደርደሪያ፣ ምስለ ፍቅር ወልዳና ሥነ ስቅለት፣ ንጹሕ መጋረጃ ይበቃል። ፊት ወደ ምሥራቅ ይሁን፤ ደሴ ላይ ቀላሉ መለያ ጀርባን ለጦሳ መስጠት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የደሴ ሲሚንቶ ወለል በባዶ እግር አያስቆምም፤ ሰሌን ወይም አጎዛ ይነጠፍ፣ አለዚያ ብርዱ ጸሎቱን ያሳጥረዋል። ጧፍ አሸዋ በሞላ ጣሳ ላይ ይተከል፣ ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ፣ ሲወጡ ይጥፋ። ዕጣን ለማጨስ ከሰል የሚያስገቡ ሰዎች ደግሞ እባካችሁ በርና መስኮት ክፈቱ። በብርዱ ምክንያት ዘግቶ ከሰል ይዞ መተኛት በጭሱ ሳይሆን በማይታየውና በማይሸተው ጋዝ ይገድላል። ዕጣኑ ከተቃጠለ በኋላ ፍሙ ከቤት ይውጣ። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የበረራ ሁኔታ ላይ ያድርገው፤ ትንሿ የኪስ ውዳሴ ማርያም ግን ከስልክ ትሻላለች፤ አትደወልምና።

ጾሙ ላይ በፈረቃ ቤት የሚሳሳተው የምሳ ዕቃው ነው። ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት የሚገባ ሰው የሚበላው ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ረቡዕ ገብቷል። ሐሙስ ማታም እንዲሁ ለዓርብ። ስለዚህ በሌሊት ፈረቃ ሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የሚቋጠረው የጾም ምግብ መሆን አለበት። ብዙ ሰው በቸልታ ሳይሆን በዚህች ቁጥር ነው የሚገድፈው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ይታወቃል።

እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ራሱን ቢያመው ብዙ ጊዜ ከረኃቡ ይልቅ ከቡናው ነው። ቁርስ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ አካል በአንድ ጊዜ ሲከለከል ይነሣበታል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ስኒ መቀነስና ቡናውን ወደ 9 ሰዓት ማዞር ችግሩን ያቃልለዋል። ግን ምሳው እንደተበላ ወዲያው አይጠጣ፤ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ቡናው ያግደዋል። አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣ፤ ወጡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ይረዳል። ሽሮ ብቻ እየበሉ 55 ቀን መክረም አያስፈልግም፤ ክክና ምስር፣ ንፍሮ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ እየተለዋወጡ ይቅረቡ። ስልጆ እንዲብላላ ቀናት ስለሚፈልግ በቅበላው ሳምንት ይጣል። በሐይቅ ዓሣ ነገር ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል፤ ከጎረቤት ጋር ከመከራከር የንስሐ አባትን ጠይቆ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ሰዓቱን በራሱ አይወስን። ሐኪሙ የሚለውን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሰዓቱ ጾም ቀርቶ የምግቡ እንዲጠበቅ፣ ወይም በምትኩ ምጽዋትና ጸሎት እንዲጨመር ነው። ደብቆ ጾሞ ሆስፒታል መግባት ጽናት አይባልም።

ቁርባን ላይ ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል፤ ከመቀበል በፊት 18 ሰዓት መጾም አለና። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት የሚቀበል ሰው የመጨረሻ ምግቡና ውኃው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያበቃል። በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ሲሆንና 9 ሰዓት ገደማ ሲቀበል ደግሞ የመጨረሻው ምግብ የዋዜማው ማታ 3 ሰዓት ነው። አሁን ይህን በፈረቃው ላይ እናስቀምጠው። ለእሑድ የሚመቸው የጠዋት ፈረቃ ሳምንት ነው፤ ቅዳሜ 8 ሰዓት ከሥራ ሲወጣ ጾሙ ይጀምራል። ቤቴ ገብቼ እበላለሁ ያለ ግን ሰዓቱ አልፎበታል፤ ስለዚህ ምግቡ በምሳ ዕቃ ተይዞ እዚያው በእረፍት ሰዓት ይበላ። በሌሊት ፈረቃ ሳምንት እሑድ ለመቁረብ መሞከርን አልመክርም። ከቅዳሜ 8 ሰዓት ጀምሮ ሳይበሉ ሌሊቱን ማሽን ላይ ቆሞ ማንጋት ለእጅም ለጣትም አያስተማምንም፤ ቅዳሴውም በማንቀላፋት ያልፋል። እረፍቱ በሥራ ቀን የሚውልበት ሰው ፍልሰታን ይጠቀም፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በብዙ አጥቢያ በየቀኑ ይቀደሳል።

ባለትዳሮች ከመቀበል በፊት ሦስት ቀን፣ ከተቀበሉ በኋላ ሁለት ቀን ከመኝታ ይታቀባሉ። ይህ በሁለቱ ስምምነት የሚሆን ነው፤ አንዱ ወስኖ ለሌላው የሚነግረው ከሆነ ቁርባኑ ለቤቱ ሰላም ሳይሆን ጠብ ይዞ ይገባል። ሁለቱ በተለያየ ፈረቃ ካሉ በየወሩ መጀመሪያ ላይ የፈረቃውን ሰሌዳና የቀን መቁጠሪያውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀኑን ይምረጡ። ከቆረቡ በኋላ ያለው ቀን የእረፍት ነው፦ ገላ አይታጠቡም፣ ጥፍር አይቆርጡም፣ አይሰግዱም፣ ሩቅ መንገድ አይሄዱም። ስለዚህ እሑድ ቆርቦ ከሰዓት ላይ ሌላ ሰው ተክቶ ፈረቃ መግባት፣ ወይም ለልቅሶ ወረባቦ ድረስ መሄድ ሥርዓቱን ያፈርሳል።

ይህ ሁሉ ያለ ንስሐ አባት አይሆንም። ከሌላ አገር መጥቶ ኮምቦልቻ የተከራየ ወጣት ብዙ ጊዜ የንስሐ አባቱ ትውልድ አገሩ ናቸው፤ በዓመት አንዴ ያገኛቸዋል። ለእሳቸው ነግሮና ተሰናብቶ በሚኖርበት አጥቢያ ሌላ አባት መያዝ ይገባዋል። አጥቢያው ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው፤ አያሳፍርም። የሥራ ሰዓትን፣ ሕመምን፣ ዕዳን፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ካህኑ የሌሊት ተረኛ መሆንህን ካላወቁ ሊሠራ የማይችል ቀኖና ይሰጡህና አንተም ሳትፈጽመው ተሸማቅቀህ ትርቃለህ።

አንደበትና ገንዘብ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ገበያችን በመሐላ የተሞላ ነው። «ማርያምን፣ በዚህ ዋጋ አልመጣልኝም» እያለ የሚሸጥ ሰው ጠዋት ያደረሰውን ውዳሴ ማርያም ከሰዓት በኋላ ለሃያ ብር እየሸጠው ነው። ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ብሏል። መሐላን ለመተው ቁርጥ ሐሳብ ብቻ አይበቃም፤ የሚያስምለውን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ዋጋ በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ የመጨረሻው ዋጋ አንድ ይሁን። የሚከራከር ደንበኛ የተጻፈውን ያያል፤ መማል አያስፈልግም። ሚዛኑ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ይፈተሽ፤ ለምሳሌ ባልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር እሽግ። የጎደለ ሚዛን ያለ ክፋትም ይሰርቃል።

አሥራት ደመወዝ በገባ ቀን ይነሣ፤ ወሩ ሲያልቅ የሚነሣ አሥራት አይተርፍም። 6,000 ብር ከሆነ 600 ነው። ነጋዴው ግን ከሽያጩ ሳይሆን ከትርፉ ያሰላል፦ በ8,000 ብር ገዝቶ፣ 200 ብር ለመጓጓዣ ከፍሎ፣ በ9,400 ብር ቢሸጥ ትርፉ 1,200፣ አሥራቱ 120 ነው። የቤት አስቤዛ ከመቀነሱ በፊት ይሰላ። ደረሰኝ ይቀበል። ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ከዚህ በላይ ነው እንጂ ከዚህ ውስጥ አይደለም።

የእኛ አገር ሰው ግቢውን ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ይጋራል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ሁለቱ ሃይማኖቶች አሉ። ይህ ለሃይማኖት እንቅፋት የሚመስለው ካለ ወሎን አላወቀም። በድግስ ላይ ለክርስቲያንና ለሙስሊም እንግዳ ለየብቻ ማረድ የቆየ ልማድ ነው፤ ድንበሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይቀየምም። በጾም ቀን ጠዋት ቡና ሲጠሩ «ጾመኛ ነኝ፣ በዘጠኝ እመጣለሁ፣ አብሽሩ» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ ግን በዘጠኝ መሄድ ነው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. እንደሆነው ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ እኛ በ9 ሰዓት ስንበላ እነሱ ገና እስከ መግሪብ አላቸው፤ ምግቡ ቤት ውስጥ ይበላ፣ ቡናውም በረንዳ ላይ አይቆላ። ቅሬ፣ በሌላው አገር እድር የሚባለው፣ ስብሰባውን እሑድ ጠዋት ቢጠራ ወደ ከሰዓት እንዲዛወር በጊዜ መጠየቅ ነገር የለውም፤ የጁምዓ ሰዓት እንደሚጠበቅ ሁሉ የቅዳሴውም ይጠበቃል። ጠይቆ እንጂ ቀርቶ አይደለም፤ የቅሬ ቀሪ የልቅሶ ቀሪ ነውና።

ልጆች ካሉ የማታው ጸሎት ከሰባት ደቂቃ አይብለጥ። አቡነ ዘበሰማያት በሳምንት አንድ ሐረግ እየተጨመረ ይያዝ፤ የያዘው ልጅ ለታናሹ ያስተምር። ለእያንዳንዱ ሥራ ይኑረው፦ አንዱ መጋረጃ ይግለጥ፣ አንዱ ሰሌኑን ይዘርጋ፣ ከፍ ያለው ከዳዊት አንድ መዝሙር ያንብብ። አባት ወይም እናት በከሰዓት ፈረቃ ላይ ከሆኑ ልጆቹ ያለ እነሱ ይጸልዩ እንጂ እስከ ማታ 4 ሰዓት አይጠብቁ፤ እንቅልፍ የያዘውን ልጅ ቀስቅሶ ማቆም ጸሎትን ቅጣት ያስመስለዋል።

የታለፈውን ቀን በተመለከተ ደግሞ፣ መቅረቱ አይቀርም። ሁለት ፈረቃ ተደርቦ ይመጣል፣ ሰው ይታመማል፣ መብራት ጠፍቶ ይነጋል። ያኔ የሚደረገው የተለመደ ስህተት የቀረውን መደረብ ነው፤ የሦስት ቀን ዳዊት 15 መዝሙር ሆኖ ይከመርና ሰውየው መጽሐፉን ማየት ይፈራል። የቀረው ለንስሐ ይነገር፤ ዳዊቱ ግን የዛሬውን ቀን ቁጥር በ5 አባዝቶ፣ እዚያ ላይ ተገልጦ ይጀመር።